ጠብቆ ወይስ ላልቶ

«ልጆቹ ያድጋሉ። ደረጃው ይታደሳል። ሽማግሌው ግን ይረሳል።»

ራዲዮ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እያሳረፈች አነበበችና መጽሐፉን ከደነችው። ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተነፈሰም። ከሁሉም በላይ የምትጥማት ይህች ጊዜ ነበረች፤ አሥራ ሁለት የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ቁንጥንጦች አገጫቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው አፏን ብቻ ሲያዩ።

«ራዲዮ» ያሏት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው። ስታነብ ዜና አንባቢ ስለምትመስል መጀመሪያ ሊያሾፉባት ነበር ስሙን ያወጡላት። ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ ግን ፌዙ ተረሳና ስሙ ቀረ። አሁን እነዚህ ትንንሾቹም ፊት ለፊት «ራዲዮ» እያሉ ይጠሯታል፤ እሷም እንደ ማዕረግ ቆጥራው «አቤት» ትላለች።

የንባብ ክበቡ የተቋቋመው ከክፍላቸው ቀድመው ለሄዱ ልጆች ነው። ሌላው ፊደል ሲለቅም እነሱ መጽሐፉን ጨርሰው መስኮት መስኮት የሚያዩ፣ ጥያቄ ሲያበዙ «አትበጥብጡ» የሚባሉ ልጆች አሉ አይደል? የንባብ መምህሯ እነዚያን ከየክፍሉ እየለቀሙ ሰበሰቧቸው። ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ አንድ ታሪክ ይነበባል፤ ከዚያ ጨዋታው ይቀጥላል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው። መልሱ ገጹ ላይ ተጽፎ የሚገኝ ጥያቄ ማምጣት ክልክል ነው።

ሰሞኑን መምህሯ አልነበሩም። ባለቤታቸው ሆስፒታል ገብተው ኦፕራሲዮን ስለሚደረጉ ለሁለት ሳምንት ፈቃድ ሲወጡ፣ ልጆቹን ለረዳታቸው ለራዲዮ አደራ ብለው፣ አንድ ደብተርም አብረው ሰጧት። ደብተሩ ላይ የእያንዳንዱ ልጅ ስም አለ፤ ከሥሩ ልጁ በዚያን ቀን ያለውና የጠየቀው ይጻፋል። «ሲሳሳቱ ተሳሳተ ብቻ ብለሽ አትለፊ፤ ምን አስቦ እንደተሳሳተ ጻፊ» ብለዋት ነበር።

ይህን ያሉት በምክንያት ነው። ትልቁ የንባብ ክፍል ለኮምፒውተር ተፈልጓል። ክበቡ ዕቃ ቤቱ አጠገብ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ሊዛወር ነው፤ እዚያ ደግሞ ጠረጴዛውን ከበው ከአሥር ወንበር በላይ አይገቡም። አንዱ ለመምህሯ፣ አንዱ ለራዲዮ፣ ስምንቱ ለልጆቹ። ከአሥራ ሁለቱ አራቱ መቀነሳቸው ነው። ማን ይቀነስ የሚለውን ምክትል ርዕሰ መምህሩ ደብተሩን አይተው ይወስናሉ። ራዲዮ ይህን ታውቃለች። ልጆቹም ያውቃሉ።

እናም በዚያ ማክሰኞ፣ ውይይቱን ልትከፍት አፏን ስታላቅቅ፣ ከጠረጴዛው ጫፍ አንድ ቀጭን ድምፅ ቀደማት።

«ላልቶ ነው እንዴ?»

የጠየቀችው ቆቅ ነበረች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አንዱ ካልሲዋ ቆሞ ሌላው ሁልጊዜ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የተኛ። ኮሽ ያለ ነገር ስለማያመልጣት ነው ልጆቹ ቆቅ ያሏት።

«ምኑ?» አለች ራዲዮ።

«ይረሳል የሚለው። ‹ረ›ን አላልተሽ አነበብሽው። እኔ ጠብቆ ይመስለኛል።»

እንግዲህ ልጆቼ፣ ጽሑፋችን አንድ አመል አለው። ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም፤ ለአንባቢው ይተወዋል። «ረ» ላልታ ከተነበበች ረሺው ሽማግሌው ራሱ ነው፤ ነገር ይጠፋዋል ማለት ነው። ከጠበቀች ግን እሱን ነው ሌሎቹ የሚረሱት። ፊደሉ ያው አንድ ነው፤ ሰውየው ግን ሁለት ሰው ይሆናል።

ራዲዮ ይህን አላሰበችውም ነበር። ቤት ሦስት ጊዜ ተለማምዳ ነው የመጣችው፤ የተለማመደችው ግን የት ላይ ድምጿን እንደምትጥል፣ የት ላይ ትንፋሽ እንደምትወስድ ነበር። ሽማግሌ መርሳቱ የታወቀ ነው፤ ዓይኗ ቃሏ ላይ አልቆመም።

ልጆቹ ግን መጽሐፋቸውን ከፈቱ። ታሪኩ ከታችኛው ሰፈር ወደ ላይኛው በሚያወጣ ረጅም ደረጃ ሥር ስለሚቀመጥ ሽማግሌ ነው። ትንንሽ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ ደረጃውን እያስቆጠረ ቁጥር ያስተምራቸዋል። ዝምተኛው የሚሉት፣ ቃል ከአፉ በጉጠት የሚወጣ የአራተኛ ክፍል ልጅ፣ ገጹን ገልጦ በጣቱ ነካ። «የሁሉንም ልጅ ስም ያውቃል ይላል፤ እዚህ ጋ» አለ። አንዷ ከወዲያ ሌላ ገጽ አነሳች። ሦስቱ አንድ ላይ መናገር ጀመሩ። አንዱ ወንበሩ ላይ ቆመ።

ራዲዮ ክፍሉ ከእጇ ሲያመልጥ ተሰማት። ጉንጮቿ ጋሉ።

«ያነበብኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሽማግሌ ይረሳል፤ አለቀ። ተራችሁን ጠብቁ።»

«ራሷም ጠብቁ አለች» አለ ወንበሩ ላይ የቆመው። «በቃ ጠበቀ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዝምተኛው ሳይቀር ሳቀ። ያልሳቀችው ቆቅ ብቻ ነበረች። ለማስቀየም ብላም አይደለም፣ ልክ «ዛሬ ደመና ነው» እንደሚባለው አድርጋ፣ «ድምፅሽ ደስ ይላል፤ ግን ቃሉን አላየሽውም» አለቻት።

ያን ጊዜ ራዲዮ የተናገረችውን ቃል፣ ከዚያ በኋላ ስንት ቀን ከጆሮዋ ልታወጣው ስትታገል ኖረች።

«አንቺ ገና ማንበብ ሳትችይ ሰው ታርሚያለሽ? ቃል እያጣመምሽ ልጆቹን አታውኪያቸው።»

ሳቁ ቆመ። ቆቅ አፏን እንደከፈተች ትንሽ ቆየችና ዘጋችው። መጽሐፏንም ዘጋች።

ከዚያ በኋላ ራዲዮ ሽማግሌው ለምን እንደሚረሳ ጠየቀቻቸው፤ «ረ»ን በደንብ አላልታ። ስላረጀ ነው አሉ። ስለደከመው ነው አሉ። ሁሉም እጁን እያወጣ፣ ተራውን እየጠበቀ መለሰ። ውይይቱ በአሥር ደቂቃ አለቀ። ሌላ ጊዜ ጥበቃው ቁልፍ እያንሿሿ መጥቶ እስኪያባርራቸው አያልቅም ነበር።

ልጆቹ ሲወጡ ደብተሩን አወጣች። ከቆቅ ስም ሥር «ቃል አሳስታ ታነባለች። ሌሎቹን ታውካለች» ብላ ጻፈች። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊወጋው ምንም አልቀረው።

ሐሙስ ሌላ ታሪክ ተነበበ። የቆቅ ተራ ሲደርስ ራዲዮ ምን እንደሚመስላት ጠየቀቻት።

«አንቺ እንዳልሽው» አለች ቆቅ።

ራዲዮ ገና ምንም አላለችም ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ስትጠይቃትም ያንኑ መለሰች። ሦስተኛ ላይ ራዲዮ ራሷ አለፈቻት። መጀመሪያ ነገሩ ዕረፍት መስሏት ነበር፤ ክፍሉ ጸጥ ብሏል፣ የሚያቋርጣት የለም። ሆኖም ደጋግማ ቆቅን ታይ ጀመር። ይህች ልጅ ክበቡ ከመመሥረቱ በፊት በክፍሏ «ለፍላፊ» እየተባለች በር ላይ ትንበረከክ እንደነበር መምህሯ አጫውተዋታል። እናቷም አንድ ቀን መጥታ፣ ልጄ ማክሰኞና ሐሙስ ቁርሷን ሳልለምናት ትበላለች ብላ ነበር።

ራዲዮ ደብተሩን ወደ ቤት ወስጄ ላስተካክለው ብላ አሰበች። ቦርሳዋን ስትዘጋ ምክትል ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆሙ። ደብተሩን ፈልገውት ነው የመጡት፤ ሰኞ ዝርዝሩ መለጠፍ አለበት። ልትል ያሰበችውን ሳትል ሰጠቻቸው።

ቅዳሜ እንደልማዷ አባቷ ሱቅ ገብታ ቁልፍ ስትተክል ዋለች። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ደጅ ሆኖ የሚለካበት ዓይነት ነው። ደንበኛ ጥበቱን ባማረረ ቁጥር አባቷ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ «እኔ ሰፊ ነኝ አልኩ እንጂ ቤቱ ሰፊ ነው መች አልኩ» ይላል። ራዲዮ ይህችን ቀልድ ከተወለደች ጀምሮ ሰምታታለች። በዚያ ቅዳሜ ግን አንድ ደንበኛ ሲስቅላት መርፌው ጣቷን ወጋት።

እኩለ ቀን አልፎ ሥራው ቀዝቀዝ ሲል መጽሐፉን አውጥታ አባቷ ፊት አስቀመጠችው። የመጨረሻውን ገጽ እንዲያነብላት ለመነችው። ምክንያቷን አልነገረችውም።

አባቷ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው። ማንበብ ያነባል፤ ግን ክር በመርፌ ዓይን እንደሚያስገባ ሰው ዓይኑን አጥብቦ፣ አንዷን ቃል ሳያሳልፍ ወደ ሌላዋ ሳይሄድ ነው። የመጨረሻውን ብቻ ማንበብ አልሆንልህ ብሎት ከመጀመሪያው ጀመረ። ሁለት ጊዜ ስልክ አቋረጠው፣ አንዴ ዚፕ ጠያቂ መጣ። በመጨረሻ ደረሰ። «ልጆቹ ያድጋሉ። ደረጃው ይታደሳል። ሽማግሌው ግን ይረሳል።»

አጠበቀው።

ራዲዮ የያዘችው ቁልፍ ከእጇ ወደቀ። «አባዬ፣ ለምን አጠበቅከው?»

«ምኑን?»

ስትነግረው ተመልሶ ሁለቱንም ሞከራቸው፤ አንዴ አጥብቆ፣ አንዴ አላልቶ፣ እንደሚቀምስ ሰው። «እንዲህም ይሆናል ለካ» አለ። «ግን የስንቱን ልጅ ስም በቃሉ የያዘ ሰው ምኑን ይረሳል? ረሺዎቹማ ደረጃውን ወጥተው የሄዱት ናቸው።»

ከዚያ ማሽኑን ሊረግጥ እግሩን አነሳና ተወው። እሱን መጀመሪያ መቀስ ያስያዙት ሰውዬ ስማቸው ማን ነበር ብሎ ጠየቀ፤ ራሱን ነው የጠየቀው። አሰበ። ግንባሩን አሸ። አልመጣለትም። ሲያፍር አየችው፤ አባቷ አፍሮ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ከደወሉ ቀድማ ደረሰች። መንገድ ላይ የምትናገረውን ስታሰናዳ ነበር የመጣችው። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጋ ትገባለች፤ የጻፍኩት ልክ አይደለም ትላለች፤ በዚሁ ያልቃል። ግን ዝርዝሩ ከእሷ ቀድሞ ተለጥፏል።

ስምንት ስም። ስምንተኛው ዝምተኛው ነው። ቆቅ የለችም።

ቆቅ ራሷ ወረቀቱ ሥር ቆማ ነበር። ከላይ ወደታች አነበበችው። ከዚያ ከታች ወደላይ አነበበችው፤ እያንዳንዱን ስም በጣቷ እየነካች። አንድ የክፍሏ ልጅ መጥቶ «የለሽም» አላት።

«አየሁ» አለች። ካልሲዋን ጎንበስ ብላ ሳበችና ሄደች።

ራዲዮ ምሰሶ ተከልላ ስታይ ነበር፤ አልወጣችም። አጠገቧ የደረሰች አንዲት የክፍል ጓደኛዋ ፊቷን አይታ ምን እንደሆነች ስትጠይቃት ሁሉንም ዘረገፈችላት። ጓደኛዋ ነገሩ አልገባትም። አንዲት ፊደል ናት እኮ፤ ማንም አልሰማ፣ ማንም አላየ። ደግሞ ብትናገር ምን ይባላል? ራዲዮ ማንበብ አትችልም ነው የሚባለው፤ ትምህርት ቤቱ በሙሉ አንድ ወር ይስቅባታል። «ባክሽ አታካብጂ» አለቻት። «ሕፃን ናት፤ እስከ ዓርብ ትረሳዋለች።»

ራዲዮ ምክሩ ደካማ መሆኑን እያወቀች ያዘችው። ሰው ሲፈራ ጭድም ይይዛል። ማክሰኞ ስምንቱን ይዛ ጠባቧ ክፍል ገባች። መጽሐፍ አነበበች፤ ድምጿ ግን ለራሷ እንኳ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት።

ረቡዕ የክፍል መምህሯ የስም መጥሪያ እንድታመጣ ወደ ትንንሾቹ ሕንፃ ላኳት። በሦስተኛ ክፍል መስኮት ሥር ስታልፍ አንድ ልጅ ስታነብ ሰማች። ቃል፣ ከዚያ ዝም። ቃል፣ ከዚያ ዝም። መንገዷን ልትቀጥል ስትል ድምፁን ለየችው።

ቆቅ ቆማ፣ መጽሐፉን አፍንጫዋ ሥር አድርጋ ነበር። «ቲቸር፣ ይሄ ይጠብቃል ወይስ ይላላል?» ትላለች። መምህሩ ይነግሯታል። ሁለት ቃል ሄዳ ደግሞ ትቆማለች። «ይሄስ?» ክፍሉ መሳቅ ጀመረ። መምህሩ ሰልችቷቸው «ዝም ብለሽ አንብቢ» አሏት። እሷም ዝም አለች። ማንበቡን ነው የተወችው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ይህች ልጅ ስታነብ ወራጅ ውሃ ነበረች።

ራዲዮ የስም መጥሪያውን ረስታ ተመለሰች። ክፍሏ ገብታ ተቀመጠች፤ የክፍል መምህሯ ሲቆጧት አልሰማችም። እስከ ዓርብ ትረሳዋለች ያለችው ጓደኛዋ ከጎኗ ማስቲካ ታኝካለች። ራዲዮ ልቧ ያመነው ሌላ ነበር፤ ቆቅ ይህን እስክታረጅ አትረሳውም።

ሐሙስ ጠዋት የንባብ መምህሯ ተመለሱ። ዓይናቸው ሥር ጠቁሯል፣ የሆስፒታሉ መግቢያ ካርድ ገና ቦርሳቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ባለቤታቸው ተርፈዋል፤ ትናንት ሾርባ ጠጡ ብለው ነገሯት። ራዲዮ ይህን ሰምታ እግዚአብሔር ይመስገን አለች። ከዚያ ነገረቻቸው። ቀስ ብላ ልትነግራቸው ነበር፤ በአንድ ትንፋሽ ወጣ። ቆቅ ያለቻትንም፣ እሷ ለቆቅ ያለችውንም፣ ደብተሩ ላይ የጻፈችውንም አላስቀረችም።

መምህሯ አልተቆጡም። መጽሐፉን ከቦርሳቸው አውጥተው ሰባተኛውን ገጽ ገለጡና አስነበቧት። እዚያ ሽማግሌው መቶውን ደረጃ ሲቆጥር አንዷን ይዘላል፤ ዘጠና ዘጠኝ ላይ ይቆማል፤ ልጆቹም ይስቁበታል።

ራዲዮ ልቧ ዘለለ። «ታዲያ ይረሳል ማለት ነው? እኔም ልክ ነበርኩ?»

«አላውቅም» አሉ መምህሯ። «ስንት ጊዜ አነበብኩት፤ እስከ ዛሬ አልቆረጠልኝም። መጽሐፉን የመረጥኩት ለዚህች ለአንዲት ቃል ብዬ ነበር። ሰዓቱን ሙሉ እንዲጣሉባት።»

ሌላ አልጨመሩም። መጽሐፉን መልሰው ከተቱ። ራዲዮ ቢጮኹባት በወደደች።

እዚያ ጋ ማቆምም ትችል ነበር፤ ይህን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ሁለቱም ንባብ ከሆነ እሷ አልተሳሳተችም፤ ልጅቷም አልተሳሳተችም፤ ሁሉም ወደ ክፍሉ ይሂድ። ሐሳቡ ለአንድ አፍታ ደስ አላት። ወዲያው ግን ደብተሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ፊቷ መጣ። አሳስታ ታነባለች። ያ ቃል ቢያጠብቁትም ቢያላሉትም ውሸት ነው።

«ምክትሉ ጋ አብረውኝ ይሄዳሉ?» አለች።

መምህሯ ካርዱን ከቦርሳው ፈትተው ኪሳቸው ከተቱና ተነሱ።

የምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ በኮምፒውተር ካርቶን ተሞልቶ መቀመጫ አልነበረም። ሦስቱም ቆመው ነው የተነጋገሩት። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ ግን ሥራ የበዛበት ሰው ጆሮው አጭር ነው። እሷ ስትጨርስ መነጽራቸውን አወለቁ። ዝርዝሩ ወጥቷል፣ ወላጅ ተነግሮታል፣ ክፍሏ ደግሞ አትለጠጥም አሏት።

«አንድ ካስገባሁ አንድ ማስወጣቴ ነው። ልጆቹን የምታውቂያቸው አንቺ ነሽ። ማንን ላስወጣ?»

ራዲዮ ወደ መምህሯ ዞረች። መምህሯ ካርቶኖቹን እያዩ ነበር።

ስምንቱን በልቧ ቆጠረቻቸው። ወንበር ላይ የሚቆመው አለ፤ እሱ ከሌለ ሳቅ የለም። ስምንተኛው ዝምተኛው ነው። ዓመቱን ሙሉ አፉን የከፈተው ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው፤ አንዷ ያቺ ማክሰኞ ነበረች፣ «እዚህ ጋ» ብሎ ገጹን በጣቱ የነካባት። እሱን አስወጡት ብትል ማንም አይጠይቃትም። እናቱም አትመጣም፣ እሱም አይናገርም። ቀላሉ እሱ ነበር። ቀላል መሆኑ ነው ያስፈራት፤ ባለፈውም በቀላሉ ነበር የጻፈችው።

«ወንበሩ አሥር ነው አይደል?» አለች።

«አሥር ነው።»

«የኔን ስጧት።»

ምክትሉ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና አዩዋት። ረዳትነቱን ስንት ልጅ አመልክቶ ለእሷ እንደተሰጠ አስታወሷት። ታውቃለች። ከሳምንቷ ሰዓት ሁሉ የምትጠብቀው ያንን የማክሰኞና የሐሙሱን ነው፤ ይህን ግን አላለችም። መምህሯ ተመልሰዋል፣ ረዳት አያስፈልጋቸውም ነው ያለችው። ዜና የሚያነብ ድምጿ የት እንደገባ እንጃ፤ ክር አክሎ ነው የወጣው።

መምህሯ ያን ጊዜ ዞረው አዩዋት። ይከራከሩልኛል ብላ ትንሽ ተስፋ አድርጋ ነበር። አልተከራከሩም። ምክትሉ እስክሪብቶ ፈልገው አንድ ስም ጻፉ፤ አንድ ስም ሰረዙ።

ከሰዓት በኋላ የትንንሾቹ ደወል ሲደወል ራዲዮ የሕንፃው ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀች። ያሰበችው ቆቅን አግኝታ፣ ቦታሽ ተመልሷል ብላ፣ ክበቡ ሳይጀመር ወደ አባቷ ሱቅ መሄድ ነበር። የሚሰፋ ዩኒፎርም አለ ብሏታል።

ቆቅ ከሁሉም ኋላ ወጣች። ራዲዮን ስታያት መንገድ ልትቀይር አለች፤ ከዚያ ተወችውና ቆመች። ራዲዮ ተናገረች። ቆቅ ክበቡ ውስጥ እንዳለች፣ ያን የጻፈችው ስለተናደደች እንደሆነ፣ ቃሉን ልጅቷ እንዳለችው እንዳላየችው፣ ራሷም ከዛሬ ጀምሮ ወንበር እንደሌላት ነገረቻት። ይቅርታ የሚለውን ቃል መጨረሻ ላይ አደረገችው፤ በጣም ከበዳት።

ቆቅ የቦርሳዋን ማንገቻ እያጠማዘዘች ሰማቻት። ፈገግም አላለች፣ አላለቀሰችም።

«ለነሱስ?» አለች።

«ለነማን?»

«ማንበብ አትችይም ያልሽኝ እነሱ ፊት ነው።»

ራዲዮ ወንበሩን ስትሰጥ ሁሉም ያለቀ መስሏት ነበር። ወንበሩን በዝግ ቢሮ ውስጥ ነው የሰጠችው። ቃሉን ግን የተናገረችው አሥራ አንድ ልጅ ፊት ነው፤ ከእነሱ ሦስቱ አሁን ከክበቡ ውጭ ናቸው፣ እነሱንም አንድ በአንድ ፈልጋ ማግኘት ይኖርባታል። ከዕቃ ቤቱ በኩል የልጆቹ ጫጫታ ይሰማል። ወንበር ላይ የሚቆመው ልጅ ድምፅ ከሁሉም ጎልቷል። ዛሬ ምን ብሎ እንደሚስቅባት ከወዲሁ ይሰማታል።

አባቷ ሱቅ የሚወስደው መንገድ በግራ ነው።

«ነይ» አለቻት ቆቅን፣ በቀኝ እየታጠፈች።

መተላለፊያውን አብረው ሄዱ። ጠባቧ ክፍል በር ላይ ሲደርሱ ራዲዮ እጀታውን ያዘች። በምን ቃል እንደምትጀምር አታውቅም ነበር፤ ዛሬ ምንም አልተለማመደችም። በሩን ከፈተችና ቆቅን አስቀደመቻት።